ስሙ ይፋቅ፣ መጽሐፉ ይቆይ፦ የመተማ ቆላ መዝገብና ያረጁ ኮምፒውተሮች

በአማርኛ «መፋቅ» የሚለው ቃል ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ሥራዎችን ያገለግላል። ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ ፀጉሩንና ስቡን ሲያነሣ ይፍቃል፤ ቆዳው ለጽሕፈት የሚበቃው በዚህ ነው። ቁም ጸሐፊውም የተሳሳተን ቃል ወይም የቀድሞ ባለቤትን ስም ከተጻፈ ብራና ላይ በስለት ሲያነሣ ይፍቃል። የመጀመሪያው መፋቅ ጽሕፈትን ይጀምራል፣ ሁለተኛው ጽሕፈትን ያጠፋል። የጥንቱ ሙያ ሁለቱን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ምን እንደሚፋቅና ምን እንደማይነካ ወግ ነበረው። ዛሬ ጽሕፈታችን ከብራናና ከወረቀት ወደ ሃርድ ዲስክ ሲዛወር ይህ ወግ አብሮ አልተዛወረም። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲያረጅ ወይ ከነያዘው ሁሉ መጋዘን ውስጥ ይከመራል፣ ወይ «ፎርማት» ተደርጎ ለሌላ ይሰጣል፣ ወይ በጨረታ ይሸጣል። በውስጡ የነበረው መዝገብ አስቀድሞ ተገልብጦ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ ያረጀ ኮምፒውተር ተጠርጎ ለሌላ አገልግሎት መዋሉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መዝገቡን ሳይገለብጡ ዲስኩን መጥረግ መዝገብ እንደ ማቃጠል ነው፣ ዲስኩን ሳይጠርጉ አሳልፎ መስጠትም የሰውን ገመና አደባባይ ማውጣት ነው። ይህንን እውነት የመተማና የምዕራብ ጎንደር ቆላ ታሪክ አጉልቶ ያሳያል፤ ያ ምድር የራሱን መዝገብ ደጋግሞ ያጣ፣ ታሪኩንም በሌሎች ሣጥን ውስጥ ሲፈልግ የኖረ ነውና።

ከብራናው እንጀምር። የሀገራችን ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸትና ከከሰል የሚዘጋጅ ስለሆነ በብራናው ላይ ያርፋል እንጂ እንደ አውሮፓው ብረት ያለበት ቀለም ቆዳውን እየበላ አይዘልቅም። ስለዚህ መፋቁ አስቸጋሪ አልነበረም። ብራናም ውድ ነበረ፤ አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎችን ወይም በጎችን ቆዳ ይፈጃል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ሙሉ መጽሐፍ ተፍቆ በላዩ ሌላ መጽሐፍ የተጻፈበት ብራና በኢትዮጵያ እምብዛም አይገኝም። በብዛት የሚገኘው ሌላ ዓይነት ፍቀት ነው። በዳዊቱ ወይም በተአምረ ማርያሙ ጸሎት መካከል መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም ይገባል፤ መጽሐፉ ተሽጦ ወይም ተወርሶ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ ያ ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም በቦታው ይጻፋል። በየቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ «የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቋል» የሚል ማስታወሻ በተደጋጋሚ የሚነበበው ለዚህ ነው። ከዚህ አንድ ደንብ ይወጣል፦ ስም ይፋቃል፣ መጽሐፍ አይፋቅም። የግለሰቡ የሆነው ከግለሰቡ ጋር ይሄዳል፤ የትውልዱ የሆነው ለትውልዱ ይቀራል። መጽሐፉ አርጅቶ ሲጎሳቆልም መጀመሪያ በአዲስ ብራና ይገለበጣል። ዛሬ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ፋይል መውሰድን ያለ ምንም ለውጥ «መገልበጥ» ብለን የምንጠራው በዚሁ በቁም ጸሐፊው ቃል ነው።

ብራናን ለሌላ አገልግሎት ማዋልም የቆየ ልማድ ነበረ፤ አገልግሎቱ ግን በማጥፋት ሳይሆን በመጨመር የሚገኝ ነበር። በወንጌሉ መጀመሪያና መጨረሻ ያሉት ባዶ ቅጠሎች፣ በኅዳጉም ላይ የተረፈው ነጭ ቦታ፣ የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና የውርስ ውል መመዝገቢያ ሆነው አገልግለዋል። ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈን ውል ለማጥፋት የሚደፍር እንደማይኖር ስለታመነ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ያለ ደመወዝ የአገር መዝገብ ቤት ሆነች። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር በጎንደር ዘመን መሬት እንዴት ይያዝ፣ ይሸጥና ይወረስ እንደነበር ያጠናው በአመዛኙ በእነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች ላይ ተመሥርቶ ነው። ጸሐፊው ቦታ አጠረኝ ብሎ የዮሐንስን ወንጌል ቢፍቅ ኖሮ ወንጌሉም ይጠፋ ነበር፤ ውሉን የሚያስከብርለት ቅድስናም አብሮ ይጠፋ ነበር። አዲሱ አገልግሎት አሮጌውን ይዞ መቀጠሉ ለሁለቱም ዋስትና ሆነ።

ሌላው ዓለም ደግሞ መፋቅ ራሱ እንዳሰቡት እንደማያጠፋ የሚያስተምር ታሪክ አለው። በ10ኛው መቶ ዘመን የተገለበጠ የአርኪሜድስ የሒሳብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1229 ተፍቆ የጸሎት መጽሐፍ ተጻፈበት፤ ከ1998 በኋላ ግን ሊቃውንት በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነት ፎቶ እያነሡ የተፋቀውን ጽሑፍ መልሰው አነበቡት። ሃርድ ዲስክም ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ ምስጢር ጠባቂ አይደለም። አንድ ፋይል «ዴሊት» ሲደረግ ኮምፒውተሩ የሚያጠፋው የፋይሉን ማውጫ ነው፤ ጽሑፉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል። የተለመደው ፈጣን «ፎርማት»ም እንዲሁ ነው፤ የመጽሐፉን ማውጫ ቀድዶ ገጾቹን እንደነበሩ እንደ መተው ይቆጠራል። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሸላት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው መረመሩ፤ ከሚሠሩት 129 መካከል በትክክል ተጠርገው የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ። በቀሩት ውስጥ የባንክ ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና መረጃዎችና የግል ደብዳቤዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጋዜጠኞች ጋና ውስጥ ከገበያ በገዙት አሮጌ ዲስክ ላይ የአንድ ትልቅ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ አምራች የውል ሰነዶችን አገኙ። እነዚያ ሰዎችና ድርጅቶች «አጥፍተናል» ብለው ያመኑ ነበሩ።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። መተማ የጎንደር በር ነች። በ18ኛው መቶ ዘመን ራስ አልፊል ይባል የነበረው የጠረፍ ግዛት ይህንኑ አካባቢ ይዞ፣ ከስናር ወደ ጎንደር የሚወጣውንና የሚወርደውን ነጋዴ ሲያስተናግድ ኖሯል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ሲመለስ በዚህ መንገድ ወርዶ በመጋቢት 1764 ዓ.ም. ወደ ስናር አለፈ። ከኢትዮጵያ ይዞ ከወጣቸው መጻሕፍት መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ፤ አንዱ ፓሪስ ለሚገኘው የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ለኦክስፎርድ ደረሰ። ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ በዓለም ላይ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ስለነበር፣ አውሮፓ ይህንን መጽሐፍ እንደገና ያወቀችው በእነዚያ ቅጂዎች ነው። ብሩስ የወሰዳቸው መጻሕፍት ኢትዮጵያን መጽሐፈ ሄኖክን አላሳጧትም፤ በየገዳሙ ሌሎች ቅጂዎች ነበሩና። ነገሩን ልብ ልንለው ይገባል። መተማ የተገለበጠ ዕውቀት እንዴት ሀገር ሳያጎድል ሀገር ተሻግሮ እንደሚያበራ ያየች በር ነች። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ያልተገለበጠው ምን እንደሚሆን አየች።

በ1859 ዓ.ም. የቋራው ካሣ፣ ያን ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ፤ የአድባራቱን መጻሕፍት ወደ መቅደላ ወሰዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከእነዚሁ መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በድርቡሾች፣ ማለትም በሱዳን መህዲስቶች፣ እጅ የነበረችውን መተማን ወግተው አጠፉ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የድርቡሾች አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ከመተማ ተነሥቶ ንጉሡን ሳር ውሃ ላይ አሸነፈና ጎንደር ገባ። አድባራቱ ተቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተረፈችው የንብ መንጋ ተነሥቶ ወራሪውን ስለከለከለ ነው የሚለው ትውፊት እስከ ዛሬ ይነገራል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው በማግሥቱ አረፉ፤ ጠላት አስከሬናቸውንና ጓዛቸውን አግኝቶ ራሳቸውን ወደ ኦምዱርማን ላከ። ዛሬ የጠረፉ ከተማ መተማ ዮሐንስ የሚል ስም ይዟል። በእነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት ውስጥ የተቃጠለው መጽሐፍ ስንት እንደሆነ የሚቆጥር የለም፤ ተቆጥሮ የተመዘገበበትም መዝገብ አብሮ ተቃጥሏልና። በየኅዳጉ የነበረው የመሬት ውል፣ የነጋዴውና የገበሬው ስም፣ የቆላው ግብር ሒሳብ አብሮ ሄዷል።

ታዲያ ስለዚያ ዘመን መተማ የምናውቀውን ከየት አገኘነው? አንዱ ትልቅ ምንጭ የጠላት መዝገብ ነው። ድርቡሾች ጽሕፈት የሚያከብሩ አስተዳዳሪዎች ነበሩ፤ በመተማው ጠረፍ በቀላባት የነበሩት አዛዦች ለመሪያቸው ለኸሊፋ አብዱላሂ የጻፏቸውንና ከእርሱ የተቀበሏቸውን ደብዳቤዎች ይይዙ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ኦምዱርማን በእንግሊዝና በግብፅ ጦር እጅ ሲወድቅ እነዚህ ሰነዶች ተሰብስበው በኋላ በካርቱም ብሔራዊ መዝገብ ቤት ተቀመጡ። ዐፄ ዮሐንስ ከመሞታቸው ጥቂት ወራት በፊት ለአቡ አንጃ ጽፈው «የሁለታችንም ጠላት አውሮፓዊው ነው፤ እኔን ካሸነፈ ለእናንተም አይመለስም» በሚል መንፈስ ያቀረቡት የሰላም ሐሳብ ለታሪክ ጸሐፊዎች የደረሰው በዋናነት በዚያ ወገን በተጠበቀው መዝገብ በኩል ነው። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ያሉትን ለማወቅ የተዋጓቸውን ሰዎች ሣጥን መክፈት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ዕድል ነው፤ ለአንድ ሀገር ግን ጉድለት ነው። የራሱን ቅጂ ያልያዘ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚያውቀው ሌላው ሊያስቀምጥለት የፈቀደውን ያህል ነው።

ጉድለቱ ደግሞ በታሪክ መጻሕፍት ብቻ የሚቀር አይደለም፤ መሬት ላይ ይወርዳል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ የኢትዮጵያና የሱዳንን ወሰን በውል ወሰኑ፤ መተማ በዚህ፣ ቀላባት በዚያ ቀሩ። በማግሥቱ ዓመት መስመሩን መሬት ላይ ያመለከተው የእንግሊዙ ሹም ሜጀር ቻርልስ ግዊን ሲሆን የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በአል ፋሽቃ የእርሻ መሬትና በቆላው ወሰን ላይ ክርክር በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው የግዊን ካርታና ሪፖርት ነው። ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1972 በደብዳቤ የተለዋወጡት ስምምነትም በዚሁ መስመር ላይ የቆመ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ አል ፋሽቃ ገብቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን አርሶ አደሮች ከእርሻቸው ሲፈናቀሉ፣ ጥያቄው እንደገና ወደ ማስረጃ ተመለሰ፦ ማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ውል አርሷል? ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የወረዳ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝገብ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። መዝገቡ ግን ያለው ዛሬ በወንጌል ኅዳግ አይደለም፤ በአንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ባለ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

የዛሬው የቆላ መዝገብ ምን እንደሚይዝ ማሰብ ያስፈልጋል። ምዕራብ ጎንደር በ2010 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ ገንዳ ውሃን ዋና ከተማው አድርጓል። ምድሩ የሰሊጥ፣ የጥጥ፣ የእጣንና የሙጫ ነው፤ በየዓመቱ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ለአረምና ለአጨዳ ይወርድበታል። ስለዚህ የእርሻ ኪራይ ውል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የሰሊጥ ግብይት ሒሳብ አለ። ካላዛር የሚባለው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ በዚህ ቆላ ብርቱ ነው፤ በመተማ ሆስፒታልና በአብደራፊ ሲታከም ኖሯል፤ ከኤች አይ ቪ ጋር ተደርቦ የሚገኝባቸው ሕሙማንም ብዙ ናቸው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ ገብተው ኩመርና አውላላን በመሳሰሉ መጠለያዎች ተመዝግበዋል። ስምን ከበሽታ፣ ስምን ከስደት፣ ስምን ከመሬት ጋር የሚያያይዙ መዝገቦች ናቸው። ከአንዳንዶቹ አንዲት ገጽ ብትወጣ የሰው ኑሮ ልትበጠብጥ ትችላለች፤ ከአንዳንዶቹ አንዲት ገጽ ብትጠፋ የሰው መሬት ልትጠፋ ትችላለች። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንትግሬድ በሚያልፍበት፣ አቧራውና የመብራቱ መቆራረጥ በሚበረታበት ቦታ ደግሞ ኮምፒውተር ቶሎ ያረጃል። ቆላው ከደጋው ይልቅ ቶሎ ቶሎ የመገልበጥና የመጥረግ ውሳኔ ውስጥ ይገባል።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። «የሰው ገመና ያለበትን ነገር ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ? ዲስኩን በመዶሻ መስበር ይሻላል» የሚል ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ አስተያየት ይበልጥ ሕጋዊ ይመስላል። በሌላ በኩል የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 የመንግሥት መዝገብ የሀገር ቅርስ ስለሆነ እንዲጠበቅ ያዛል። ሁለቱ ሕጎች የሚጣሉ የሚመስለው ስምና መጽሐፍን አንድ አድርገን ስናይ ብቻ ነው። የቁም ጸሐፊው ደንብ ያስታርቃቸዋል። ሙሉው ቅጂ በታሸገና ኃላፊነት ባለበት መዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ለጥናትና ለሕዝብ የሚወጣው ቅጂ ስሙ የተፋቀ ይሆናል፤ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ገበያ የሚሄደው ዲስክ ግን ምንም ሳይቀርበት ይጠረጋል። ብራና ላይ ጽሑፉና ቆዳው የማይለያዩ ስለነበሩ ጸሐፊው አንዱን ለማዳን ሌላውን መተው ይገደድ ነበር። እኛ ግን ጽሑፉን ሳንጎዳ ቆዳውን ሙሉ በሙሉ መፋቅ የምንችል የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ነን። ይህንን ዕድል ይዞ በመዶሻ መስበርን መምረጥ ታሪኩንም መሣሪያውንም ባንድ ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፍርሃት የመጣ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። «የተጻፈ ስም በክፉ ገዥ እጅ ሲገባ የሞት ዝርዝር ይሆናል፤ የጠረፍ ሰው ደግሞ ገዥ ሲፈራረቅበት የኖረ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ መዝገብ ሰው ያሳድዳል። ግን መዝገብ አሳዳጁንም ይከስሳል። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የቀይ ሽብር ወንጀሎችን በፍርድ ቤት ያረጋገጠው በምስክር ብቻ አልነበረም፤ የደርግ መንግሥት ራሱ ጽፎ ፈርሞና ማኅተም መትቶ ባስቀመጣቸው ሰነዶች ጭምር ነው። የእስርና የግድያ ትእዛዞች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የወጪ ደረሰኞች ተሰብስበው ማስረጃ ሆኑ። እነዚያ ወረቀቶች ለደኅንነት ሲባል ቢቃጠሉ ኖሮ የተጠቀመው ማን ይሆን ነበር? ገዳዩ። የመዝገብ መጥፋት ለደካማው መጠለያ የሚሆነው ለአንድ ሌሊት ነው፤ ለኃያሉ ግን የዘላለም ምሕረት ይሆንለታል። ስለዚህ ለፍርሃቱ የሚገባው መልስ ቁልፍ ነው፦ ማን እንደሚከፍት፣ መቼ እንደሚከፈት፣ የከፈተውም ስሙ የት እንደሚጻፍ መወሰን።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመናዊው ሰው ነው። «ዛሬ ሁሉም ነገር በማዕከል ሰርቨር ላይ አለ፤ የወረዳ ኮምፒውተር ቢጠፋ ምን ይጎድላል?» ይላል። ማዕከል የሚደርሰው ግን ድምሩ ነው። ቃለ ጉባኤው፣ የአቤቱታው ደብዳቤ፣ ውሳኔው የተሰጠበት ምክንያት በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ማዕከልም ራሱ አይታመንም። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ሰው ጨረቃን ሲረግጥ የተቀዳበትን ዋናውን የአፖሎ 11 ማግኔቲክ ክር ሲፈልግ ቆይቶ፣ ክር ባጠረበት ዘመን ተደምስሶ ለሌላ ቀረጻ ሳይውል እንዳልቀረ እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል። ይህን ያህል ሀብት ያለው ድርጅት ማከማቻ ለመቆጠብ ብሎ የዘመኑን ታላቅ መዝገብ ከፋቀ፣ «እዚያ ላይ አለ» የሚለው ቃል ለማንም ዋስትና አይሆንም። ቅርብ የሆነው ምስክር ደግሞ ከመተማ ማዶ ነው። የሱዳን ጦርነት በተነሣ በወሩ፣ በግንቦት 2015 ዓ.ም.፣ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሙሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ፤ በካርቱም ያለው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየምም በጦርነቱ ተዘረፈ። ካርቱም መዝገብ ስታስቀምጥልን የኖረች ከተማ ነበረች። የሚያጽናናው «የሱዳን ትዝታ» በተባለው ፕሮጀክት ብዙ ሰነዶችና ፎቶዎች ከጦርነቱ በፊት በዲጂታል ተገልብጠው መቆየታቸው ነው። በእኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በብዙ ድካም የብዙዎቹን ካታሎግ ያዘጋጁላቸው፣ ዋናዎቹ በጦርነትና በስርቆት ቢጠፉ እንኳ ይነበባሉ። እሳት የሚሸነፈው ሁለተኛ ቅጂ ካለበት ቦታ ብቻ ነው።

የቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። ወግ ያለው ጥረጋ ውድ አይደለም። ባለሙያው መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይገለብጣል፤ ቅጂው መከፈቱን ያረጋግጣል፤ ሁለቱን በተለያየ ከተማ ያስቀምጣል። ከዚያ በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር መላውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ትርጉም በሌለው ጽሑፍ ይሸፍናል፤ ለተለመደው ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ በትክክል መሸፈን ይበቃል። ፍላሽና አዲሶቹ ተሽከርካሪ ክፍል የሌላቸው ዲስኮች ጽሑፉን በየጊዜው ቦታ ስለሚያቀያይሩ፣ ለእነሱ አምራቹ ያዘጋጀውን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም ወይም ከመጀመሪያው በምስጠራ (ኢንክሪፕሽን) መቆለፍ ይሻላል። አልሠራ ያለ ዲስክ ብቻ ይሰበር። ኮምፒውተሩም ከዚያ በኋላ በቀላል የሊኑክስ ሲስተም ለተማሪ መለማመጃ ሆኖ ዓመታት ያገለግላል። ሕዝባችን «ቁራሌው» የሚለውን ጥሪ ሰምቶ ጠርሙስና ጫማ በልዋጭ የሚሰጥ፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከበርሜል ምጣድ የሚሠራ ሕዝብ ነው፤ ለዕቃ ሁለተኛ ዕድሜ መስጠትን ማንም ሊያስተምረው አይገባም። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 መውጣቱ፣ በአዲስ አበባ አቃቂም የተወገዱ ኮምፒውተሮች የሚፈታቱበት ማዕከል መቋቋሙ መልካም ጅምር ነው። ግን እስከ መተማ የሚደርስ መንገድ ያስፈልገዋል። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን የተከመረው ኮምፒውተር በንብረት ማስወገድ ሥርዓት ታስሮ ሲቆይ፣ መሣሪያውም ከጥቅም ውጭ ይሆናል፣ በውስጡ ያለው ጽሑፍም ቀስ በቀስ ከማይነበብበት ደረጃ ይደርሳል። መጋዘን ማስቀመጥ መጠበቅ አይደለም፤ ዘግይቶ ማጥፋት ነው።

ስለዚህ ሊታዘዝ የሚገባው ነገር አጭር ነው። በምዕራብ ጎንደር ዞንም ሆነ በሌላው የሀገሪቱ ክፍል ያሉ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ለማስወገድ በሚሞሉት ቅጽ ላይ፣ ከዋጋውና ከመለያ ቁጥሩ በፊት፣ ሁለት ጥያቄዎች ይግቡ፦ መዝገቡ የት ተገለበጠ? ዲስኩን ማን ጠረገው? ለሁለቱም ስምና ፊርማ ያልቀረበበት ኮምፒውተር ከመጋዘን አይውጣ፤ የቀረበበትም ከአንድ ወር በላይ በመጋዘን አይቆይ። የወረዳው ባለሙያ ይህንን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሁለት ዲስክ፣ ጥቂት ሰዓትና የአለቃው ትእዛዝ ነው። ጎንደር ስትቃጠል ሁለተኛ ቅጂ ለመያዝ የሚያስፈልገው ብራና፣ ጸሐፊና ዓመታት ነበር፤ እሱም በጊዜው አልተገኘም። የመተማ ልጆች ከመቶ ዓመት በኋላ የዛሬውን ዘመን ሲጠይቁ ካርቱም፣ ለንደንና ኦክስፎርድ እንዳይንከራተቱ፣ የአያቶቻቸውን መሬት፣ ሕመምና እንግዳ ተቀባይነት በገዛ ከተማቸው መዝገብ ቤት እንዲያነቡ፣ ሥራው ዛሬ በእጃችን ነው። ይገልበጥ፣ ይጠረግ፣ ይተላለፍ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል።